ባለራእዩ ወይስ ባለሙያው? ከካርቱም የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ታሪክ የሚቀሰም ትምህርት

እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር የካቲት 2024 መጀመሪያ ላይ በሱዳን የሞባይል ኔትዎርኮች በቀናት ልዩነት ተራ በተራ ጸጥ አሉ። ጦርነቱ ከተቀሰቀሰ ዓሥር ወር ገደማ ሆኖት ነበር። በካርቱም፣ በኦምዱርማንና በባሕሪ የቀሩ ነዋሪዎች የዘመድ ድምፅ መስማት ብቻ ሳይሆን ዳቦ መግዛትም ተሳናቸው። ባንኮች ተዘርፈውና ተዘግተው፣ ጥሬ ገንዘብ ከእጅ ጠፍቶ ስለነበር ሰዉ የሚገበያየው የካርቱም ባንክ ባቀረበው "ባንካክ" በተሰኘ የስልክ መተግበሪያ ነበር። ኔትዎርኩ ሲቋረጥ ገንዘቡም አብሮ ተቋረጠ።

ብዙ ሰዎች የቴክኖሎጂን ዋጋ የሚረዱት እንዲህ ባለው ቀን ነው። በሰላሙ ጊዜ የማይታዩት ማማዎች፣ የመረጃ ማዕከሎችና ሶፍትዌሮች ሲጠፉ ይታያሉ። ያን ጊዜም አንድ የቆየ ጥያቄ አብሮ ይነሳል። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያቆመው ማን ነው? "ይህ አገልግሎት በዚህ አገር ይቻላል" ብሎ አስቀድሞ ያየው ባለራእይ ነው ወይስ ሽቦውን የዘረጋውና ሶፍትዌሩን የጻፈው ባለሙያ?

ጥያቄው በተለይ ኩባንያ ለሚመሠርቱ ወጣቶች የክርክር ማድመቂያ ብቻ አይደለም። ድርሻ የሚከፋፈለው፣ ሥልጣን የሚደለደለው፣ ብዙ ጊዜም ጓደኝነት የሚፈርሰው በዚሁ ጥያቄ ዙሪያ ነው። ካርቱም ለዚህ ጥያቄ የራሷ የሆነ መልስ አላት።

ሁለቱ አጋሮች

በዓለም ዙሪያ ስለ ቴክኖሎጂ መሥራቾች ሲወራ የሚጠቀሰው አንጋፋ ምሳሌ አፕል ነው። ኩባንያው ሚያዝያ 1 ቀን 1976 ሲመሠረት ስቲቭ ዎዝኒያክ በሂውሌት ፓካርድ ተቀጥረው የሚሠሩ መሐንዲስ ነበሩ። የመጀመሪያውን ኮምፒውተር ንድፍ ያወጡት እርሳቸው ናቸው። ስቲቭ ጆብስ ደግሞ ንድፉ ከጓደኛ ማስደነቂያነት አልፎ ሊሸጥ የሚችል ዕቃ መሆኑን አዩ፤ ሃምሳ ኮምፒውተሮችን የሚገዛ ሱቅም አገኙ። አንዱ ባይኖር የሚሸጥ ነገር አይኖርም፤ ሌላው ባይኖር ሻጭ አይኖርም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሦስተኛ ሰው አለ። እአአ በ1977 ማይክ ማርኩላ ገንዘብና የንግድ ዕቅድ ይዘው ገቡ። አፕል ከጋራዥ ወጥቶ ተቋም የሆነው ከእርሳቸው በኋላ ነው።

የማይክሮሶፍት ታሪክ ደግሞ ክፍፍሉን ያደናግረዋል። ቢል ጌትስን እንደ ባለራእይ፣ ፖል አለንን እንደ ባለሙያ አድርጎ ማሰብ የተለመደ ነው። ሆኖም በ1975 መባቻ የአልቴር ኮምፒውተር ምስል የወጣበትን መጽሔት ይዘው "ጊዜው ደርሷል" በማለት ጓደኛቸውን ያጣደፉት አለን ነበሩ። ጌትስ ደግሞ የፕሮግራሙን ዋና ክፍል ራሳቸው ጽፈዋል። ያም ሆኖ በመጨረሻ የጸናው የድርሻ ክፍፍል 64 ለጌትስ፣ 36 ለአለን ነበር።

ስለዚህ "ባለራእይ" እና "ባለሙያ" የሚሉት ቃላት ከሁለት ዓይነት ሰዎች ይልቅ የሁለት ዓይነት ሥራ ስሞች ናቸው። አንዱ ሥራ ሌሎች ያላዩትን ፍላጎት አይቶ ሰውና ገንዘብ ማሰባሰብ ነው። ሌላው የታየው ነገር በእርግጥ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ሁለቱ ሥራዎች በሁለት ሰዎች ሊከፈሉ፣ በአንድ ሰው ሊጠቃለሉ ወይም ከአንዱ ወደ ሌላው ሊሸጋገሩ ይችላሉ።

ከሱዳን ቴሌኮም የተነሳው መሐንዲስ

ይህን ከማንም በላይ የሚያሳዩት ሱዳናዊው ሞ ኢብራሂም ናቸው። እአአ በ1946 በሱዳን ከኑቢያ ቤተሰብ ተወልደው በግብፅ አድገዋል። በአሌክሳንድሪያ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተምረው ወደ አገራቸው በመመለስ ለሱዳን ቴሌኮም ሠሩ። በ1974 ወደ እንግሊዝ ሄደው በብራድፎርድ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን፣ በበርሚንግሃም ደግሞ በሞባይል ግንኙነት ላይ ባደረጉት ምርምር ዶክትሬታቸውን አገኙ።

በ1983 የብሪቲሽ ቴሌኮም የሞባይል ክፍል የሆነው ሴልኔት የቴክኒክ ዳይሬክተር ሆኑ። የሥራቸው ይዘት የሬዲዮ ሞገድ በሕንፃና በኮረብታ መካከል እንዴት እንደሚጓዝ ማስላት፣ ማማው የት ቢተከል ስንት ሰው እንደሚያገለግል መተንበይ ነበር። በ1989 ከዚያ ለቅቀው ኤምኤስአይ የተባለ አማካሪ ድርጅት መሠረቱ። ድርጅቱ ለሌሎች ኩባንያዎች የሞባይል ኔትዎርክ ይነድፍ፣ ለንድፉ የሚያገለግል ሶፍትዌርም ይሸጥ ነበር። እስከዚህ ድረስ ሰውየው በማንኛውም መለኪያ የቴክኒክ አጋር ናቸው።

የራእዩ ምንጭ ግን ይኸው የቴክኒክ ሥራ ሆነ። በ1990ዎቹ ከደቡብ አፍሪካ በስተቀር ከሰሃራ በታች ባሉት አብዛኞቹ አገሮች ከመቶ ሰው አንዱ እንኳ የስልክ መስመር አልነበረውም። ትልልቆቹ የምዕራብ ኩባንያዎች ይህን ሲያዩ "ገበያ የለም" አሉ። ድህነት፣ ጦርነትና ሙስና የሞላበት አህጉር ለእነርሱ አደጋ እንጂ ዕድል አልነበረም። የሬዲዮ መሐንዲሱ ያዩት ሌላ ነገር ነው። መዳብ በየቤቱ መዘርጋት ከማያዋጣበት ሰፊ አገር ላይ አንድ ማማ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን በአንድ ጊዜ ሊያገናኝ ይችላል። የመስመር ስልክ አለመኖሩ የፍላጎት አለመኖር ምልክት አይደለም፤ ተወዳዳሪ ያለመኖር ምልክት ነው።

በ1998 በኋላ ሴልቴል የተባለውን የሞባይል ኩባንያ መሠረቱ። ከዚያ በኋላ ያጋጠሟቸው ችግሮች ግማሹ የምህንድስና፣ ግማሹ የእምነት ነበሩ።

ምህንድስናውን በተመለከተ ኤሌክትሪክ በሌለበት ማማው የራሱን ጄኔሬተር ይዞ መቆም ነበረበት። መንገድ በሌለበት መንገድ መጥረግ ግድ ነበር። በኪንሻሳና በብራዛቪል መካከል ያለው የኮንጎ ወንዝ ብቻ ሆኖ ሳለ ጥሪው በሳተላይት ባሕር ማዶ ዞሮ ይመለስ ነበር። ሴልቴል ወንዙን የሚሻገር የማይክሮዌቭ መስመር ዘርግቶ ሁለቱን ከተሞች በቀጥታ አገናኘ። የባንክ ሒሳብም ሆነ ቋሚ አድራሻ ለሌለው ደንበኛ ደግሞ መልሱ አስቀድሞ የሚከፈልበት፣ ተፍቆ የሚሞላ ካርድ ነበር።

እምነትን በተመለከተ ባንኮች ለማበደር ፈቃደኛ ስላልነበሩ አብዛኛው ገንዘብ በአክሲዮን ሽያጭ መሰብሰብ ነበረበት። ባለሀብቶች የሚፈሩት ጉቦን ነበር። ሴልቴል በምዕራቡ ዓለም የታወቁ ሰዎችን በዳይሬክተሮች ቦርድ አስገብቶ ከፍ ያለ ክፍያ ሁሉ በቦርዱ እንዲጸድቅ ደነገገ። በአንድ አገር ያለ ሥራ አስኪያጅ ባለሥልጣን እጁን ሲዘረጋበት "ቦርዱ አይፈቅድም" የሚል ጋሻ አገኘ። ይህ ደንብ በኮድ የተጻፈ አይደለም፤ ዋጋው ግን ከየትኛውም ሶፍትዌር አያንስም።

ኩባንያው ሲያድግ ሞ ኢብራሂም የዕለት ተዕለት አመራሩን ለሌሎች አስረከቡ። ከኔዘርላንድስ የቴሌኮም ኩባንያ ኬፒኤን የመጡት ማርተን ፒተርስ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ። በ2005 ሴልቴል ለኩዌቱ ኤምቲሲ፣ ለዛሬው ዛይን፣ በ3.4 ቢሊዮን ዶላር ሲሸጥ በአሥራ ሦስት የአፍሪካ አገሮች ይሠራ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ ኩባንያው በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ድንበር ሲሻገር ተጨማሪ ክፍያ የማይጠየቅበትን አገልግሎት ጀመረ። ያን ጊዜ መሥራቹ አስተዳዳሪው አልነበሩም። የጀመሩት ነገር ያለ እርሳቸው መሄዱን መቀጠሉ ግን ከሥራቸው ሁሉ ትልቁ ማስረጃ ነው።

ሞቢቴል፦ ራእዩ ወደ ቤት ሲመለስ

በሱዳን የመጀመሪያው የሞባይል ኩባንያ ሞቢቴል ሥራውን የጀመረው በ1990ዎቹ በካርቱም ነው። ሱዳቴል የተባለው የአገሪቱ የቴሌኮም ድርጅት አብዛኛውን ድርሻ ሲይዝ ሴልቴል 39 በመቶ ነበረው። ኤምቲሲ ሴልቴልን ሲገዛ ይህ ድርሻ አብሮ ተላለፈ። በ2006 ደግሞ ቀሪውን 61 በመቶ ከሱዳቴል ለመግዛት ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፈለ።

ቁጥሩ ቆም ብሎ ሊታይ ይገባዋል። አሜሪካ ከ1997 ጀምሮ ሁሉን አቀፍ ማዕቀብ በጣለችበት፣ በዳርፉር ጦርነት በሚካሄድበት አገር ውስጥ ያለ የአንድ ኩባንያ ከፊል ድርሻ ነው በዚህ ዋጋ የተሸጠው። ከጥቂት ዓመታት በፊት "ገበያ የለም" የተባለበት ሥፍራ ነበር። ባለራእዩ ትክክል እንደነበር የተረጋገጠው በንግግሩ ውበት አይደለም፤ ሌሎች በሠሩት ኔትዎርክ ላይ ሰዎች በየቀኑ ገንዘባቸውን ማውጣታቸው ነው።

ማዕቀብ፣ የዋጋ ንረትና አዲሱ ትውልድ

ከዚህ ኔትዎርክ መዘርጋት በኋላ የመጣው የካርቱም ትውልድ የገጠመው ፈተና ሌላ ነው። ስልኩ አለ፤ ክፍያው የለም። በማዕቀቡ ምክንያት ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርዶች በሱዳን አይሠሩም ነበር። በርካታ የአሜሪካ ሶፍትዌሮችና አገልግሎቶችም ለሱዳን ተጠቃሚዎች ተዘግተው ቆይተዋል። ሁሉን አቀፉ የንግድ ማዕቀብ በ2017 ተነሳ፤ ሱዳን ሽብርን ከሚደግፉ መንግሥታት ዝርዝር የወጣችው ግን በታኅሣሥ 2020 ነው።

እንዲህ ባለ አገር የባለራእይ ተግባር ሕልም ማለም ሳይሆን የጎደለውን በትክክል ማንበብ ነው። በታርኒም ሳኢድ የሚመራው "አልሱግ" (ትርጉሙ "ገበያው" ማለት ነው) መኪናና ቤት፣ ያገለገለ ዕቃና ሥራ የሚፈላለጉበት የኢንተርኔት ገበያ ሆኖ አደገ። ከውጭ የሚመጣ ተፎካካሪ ባለመኖሩ ማዕቀቡ ራሱ ለአገር ውስጥ ሠሪ ከለላ ሆኖ ነበር። ኋላም ወደ ክፍያ አገልግሎት ተሻገረ። በ2021 በግብፁ የክፍያ ኩባንያ ፋውሪ መሪነት አምስት ሚሊዮን ዶላር ሲያሰባስብ ለረጅም ዓመታት በሩ ተዘግቶ ለኖረ አገር ትልቅ ዜና ነበር።

በዚያው 2021 የሱዳን ፓውንድ የመንግሥት ምንዛሪ በአንድ ቀን ከ55 ወደ 375 በዶላር ወረደ። ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ400 በመቶ በላይ ደረሰ። ደመወዝ ከወር ወር ዋጋውን እያጣ የሚሄድበት አገር ነበር። ከዚህ ሕመም የተነሳው "ብሉም" ሰዎች ቁጠባቸውን በዶላር አስቀምጠው በአገራቸው ገንዘብ እንዲገበያዩ ለማስቻል ታሰበ። መሥራቾቹ አራት ናቸው። ከእነርሱ መካከል አህመድ ኢስማኢል አመራሩን ሲይዙ የቴክኒኩን ክፍል የመሩት አብዲጋኒ ዲሪዬ በናይሮቢ የአይቢኤም የምርምር ማዕከል የሠሩ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪ ነበሩ። ኩባንያው በ2022 የካሊፎርኒያውን ዋይ ኮምቢኔተር የተቀላቀለ የመጀመሪያው ሱዳን ላይ ያተኮረ ኩባንያ ተብሎ ተወራለት። 6.5 ሚሊዮን ዶላርም ሰበሰበ።

የብሉም አወቃቀር ካርቱም ያስተማረችውን ያሳያል። የፋይናንስ አገልግሎት ከባንክ፣ ከተቆጣጣሪ፣ ከባለሀብትና ከሶፍትዌር ጋር በአንድ ጊዜ መነጋገርን ይጠይቃል። "አንድ ሐሳብ ያለው፣ አንድ ኮድ የሚጽፍ" የሚለው ቀላል ድልድል እዚህ አይበቃም።

ጦርነቱ ያመጣው ፈተና

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል በካርቱም ውጊያ ሲጀመር የሁለቱም ዓይነት አጋሮች አስተዋፅኦ በአንድ ቀን ተፈተነ። ባለራእዮቹ ዕቅዳቸውን የመሠረቱበት ገበያ ተበተነ፤ ከዐሥር ሚሊዮን በላይ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። የባለሙያዎቹ ሥራ ደግሞ በጥይትና በዘረፋ መሐል ቀረ።

በ2024ቱ መቋረጥ አንድ የቴክኒክ ድክመት ጎልቶ ታየ። የአገሪቱ ዋና ዋና የቴሌኮም የመረጃ ማዕከሎች በካርቱምና በአካባቢዋ ተከማችተው ነበር። ዋና ከተማይቱ የጦር ሜዳ ስትሆን ርቀው ያሉ ክልሎችም አብረው ጨለሙ። ባለሙያዎች ሥርዓቱን ወደ ፖርት ሱዳን በማዛወር አገልግሎቱን በከፊል መለሱ። ኔትዎርክ ባልተመለሰባቸው ቦታዎች ሰዎች በስታርሊንክ የሳተላይት መቀበያ ዙሪያ ተሰልፈው በደቂቃ እየከፈሉ ለቤተሰብ መልእክት ላኩ፤ ገንዘብም ተቀበሉ። ባንካክ የካርቱም ባንክ አንድ አገልግሎት መሆኑ ቀርቶ በውጭ ያለ ዘመድ በአገር ውስጥ ላለው ሕይወት የሚልክበት ቧንቧ ሆነ። በየሠፈሩ ለተራቡ ምግብ የሚያበስሉ በጎ ፈቃደኞችም ወጪያቸውን በዚሁ መንገድ ይቀበሉ ነበር።

ይህ ድክመት የባለሙያ ጥፋት ነው ወይስ የባለራእይ? መጠባበቂያ ማዕከል በሌላ ከተማ መገንባት እንደሚያስፈልግ የሚያውቀው ባለሙያው ነው። ትርፍ በማያመጣ ነገር ላይ ገንዘብ እንዲወጣ የሚፈቅደው ግን የድርጅቱን አቅጣጫ የያዘው ሰው ነው። አንዱ ሳይናገር ወይም ሌላው ሳይሰማ ሲቀር ዋጋውን የሚከፍለው ደንበኛው ነው።

የብሉም መሥራቾች በበኩላቸው የሱዳን ገበያ ሲዘጋባቸው የሠሩትን የዶላር ሒሳብ ሥርዓት ይዘው ስሙን "ኤሌቬት" ብለው፣ በሌሎች አገሮች ሆነው ከውጭ ደንበኞች ክፍያ ለሚቀበሉ የርቀት ሠራተኞች አቀረቡት። የመጀመሪያው ራእይ በጦርነት ተሰብሮ ሳለ በእጅ የቀረው የተሠራው ነገር ነበር። ያን የተሠራ ነገር ለሌላ ችግር መፍትሔ አድርጎ ማየት ግን እንደገና ራእይ ይጠይቃል።

በአዲስ አበባስ?

ተመሳሳይ ጥያቄ በኢትዮጵያም አለ። በ2013 በአዲስ አበባ የተመሠረተው አይኮግ ላብስ የሁለት ሰዎች ጥምረት ውጤት ነው። ጌትነት አሰፋ በአገር ውስጥ ወጣት ባለሙያዎችን ሰብስበው ሲያደራጁ አሜሪካዊው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪ ቤን ገርትዘል ደግሞ ከዓለም አቀፍ ፕሮጀክቶች ጋር አገናኙ። የላብራቶሪው ባለሙያዎች "ሶፊያ" ለተባለችው ሮቦት ሶፍትዌር አስተዋፅኦ በማድረጋቸው ይታወቃሉ።

በአንጻሩ የ"ራይድ" መሥራች ሳምራዊት ፍቅሩ ሁለቱንም ሥራ በአንድ ራስ የያዙ ምሳሌ ናቸው። ፕሮግራም አዘጋጅ ሆነው ሃይብሪድ ዲዛይንስን መሥርተው ታክሲ የመጥሪያ አገልግሎትን አስተዋወቁ። እንዲህ ያለው መሥራች ችግሩ ከአጋር ጋር መጣላት አይደለም። ኩባንያው ሲያድግ ከሁለቱ ሥራዎች የትኛውን ለሌላ እንደሚሰጥ መወሰን ነው። ሞ ኢብራሂም ያደረጉትም ይህንኑ ነው።

ድርሻው እንዴት ይለካ?

በመጀመሪያው ሳምንት "ሐሳቡ የኔ ነው" ወይም "የሠራሁት እኔ ነኝ" ተብሎ የሚቆረጥ ድርሻ ብዙ ጊዜ ጸጸት ያመጣል። የአፕል ሦስተኛ መሥራች ሮናልድ ዌይን 10 በመቶ ድርሻቸውን በአሥራ ሁለት ቀናት ውስጥ በ800 ዶላር ትተው ወጡ። የዚያ ቀን ግምትና የኋላው እውነት ያላቸው ርቀት የመጀመሪያ ቀን ፍርድ ምን ያህል የማይታመን እንደሆነ ያሳያል።

በዚህ ምክንያት በብዙ አገሮች የተለመደው አሠራር ድርሻ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በዓመታት ደረጃ በደረጃ እንዲገኝ ማድረግ ነው። አራት ዓመት የተለመደ ጊዜ ሲሆን የመጀመሪያውን ዓመት ሳይጨርስ የሚወጣ አጋር ድርሻ አይወስድም። ይህ ስምምነት ሐሳብ አፍልቆ የሚጠፋውንም ሆነ ኮዱን ጽፎ የሚሄደውን እኩል ይይዛል።

ከካርቱም ታሪክ የሚወጡ ሌሎች መመዘኛዎችም አሉ። አንደኛው የእውቀት ጥያቄ ነው፦ ባለሙያው ነገ ቢታመም ወይም ቢሰደድ ሥርዓቱን ሌላ ሰው ሊያንቀሳቅሰው ይችላል? ሁለተኛው የእምነት ጥያቄ ነው፦ ባለሀብቱና ባንኩ የሚያምኑት ድርጅቱን ነው ወይስ ባለራእዩን ብቻ? ሦስተኛው የመደማመጥ ጥያቄ ነው፦ ባለሙያው "ይህ ይፈርሳል" ሲል ውሳኔ የሚሰጥበት ጉባኤ አለ? ለሦስቱም ጥያቄዎች አጥጋቢ መልስ ያለው ኩባንያ "የትኛው አጋር ይበልጣል?" የሚለው ክርክር ብዙ አያስጨንቀውም።

"አንድ እጅ አያጨበጭብም" የሚለውን ብሂል ሱዳናውያንም በዓረብኛ፣ ኢትዮጵያውያንም በአማርኛ ይናገሩታል። በመጋቢት 2025 የሱዳን ጦር ቤተ መንግሥቱን መልሶ ከያዘ በኋላ ወደ ካርቱም የተመለሱ ነዋሪዎች ያገኙት የተቃጠሉ ሕንፃዎችና የተነቀለ የኤሌክትሪክ ገመድ ነው። ከተማይቱ ዳግም ስትገነባ ማማውን የሚተክለው ሰው ያስፈልጋታል፤ ማማው ለማን፣ በምን ገንዘብና በምን ደንብ እንደሚቆም የሚያስበውም ሰው ያስፈልጋታል። ከሱዳን ቴሌኮም የተነሱት መሐንዲስ ሕይወት እንደሚመሰክረው ከእነዚህ አንዱን ሥራ በሚገባ የተማረ ሰው ሁለተኛውንም ሊያይ ይችላል።